አየር አይደለም

ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ድልድይ ወዲህ፣ ከዋርካው ሥር፣
ሃያ ሁለት ዓመቴ ጎማ ስነፋ፣ አየር ስቸረችር።
ከባቲ በረሃ የጋለ ከባድ መኪና ሲመጣ
ጆሮዬን ጣል አድርጌ አውቃለሁ በየት በኩል እንደሚወጣ
እስትንፋሱ።
ምራቄን ቀብቼ አያለሁ፤ አረፋው ይነግረኛል፤
እፍቃለሁ፣ ማስቲሽ፣ ልጣፊ፤ ሒሳቡ ብቻ ይቀረኛል።

የሚስቴ የዘምዘም ብልሽት ግን ድምፅ አልነበረውም።

ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ናት፤ የተበጠሰ ክር ቀጣይ፣
አሥራ አራት ዓመት በእግሯ፣ ከማሽን ማሽን ተከታይ።
አንድ ቀን ነጠላ ጫማዋ ከግራ እግሯ ወልቆ
እሷ አላወቀችም፤ ዘበኛው አመጣላት፣ ስቆ።
እኛም ሳቅን ያን ማታ።
በወሩ ሳቁ ቀረ፤ እግሯ መሬቱን ረሳ፤
ሐረጎን ወጣን ወደ ደሴ፣ ራሷን ለጭኔ ትታ፣
"ቀላል ነው" ትለኛለች፣ እሷው ለእኔ ሳስታ።

ፊልሙን መስኮት ላይ ለጠፈችው ዶክተር ሽታዬ፤
አከርካሪዋ ላይ እባብ የተጠመጠመ መሰለኝ፣ ጌታዬ!
"እባብ አይደለም፣ ደም ሥር ነው። ልብ የሚገፋው ደም
በስስ መረብ አልፎ፣ ረግቶ ነበር የሚመለስ፤ እዚህ ግን የለም
መረቡ። ወሳጁና መላሹ ተጋጥመዋል በቀጥታ፤
ስሱ ሥር አበጠ፣ ሕብለ ሰረሰሯን ተጫነ፤ እግሯ በዚህ ተረታ።"

"እንዴት!" አልኩ፣ "የከባድ መኪናውን ግፊት
ወደ ብስክሌት ከመነዳሪ?"
ቀና ብላ አየችኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት።
"ልክ እንደዚያ። ሥራዎ ምንድነው?"
እጄን አሳየኋት።

ከዚያ ወዲያ በእኔ ቋንቋ ነገረችኝ፦ በብሽሽት የሚገባ ክር፣
ከመስፊያው ክር ብዙ የማይወፍር፣
ውስጡ ሁለት ቀዳዳ፤ ጫፉ ላይ ፊኛ፣ ከምስር
የማትበልጥ።
እዚያ ስትደርስ ትነፋና መንገዱን ትዘጋለች፤
በሌላው ቀዳዳ ማስቲሽ ሲፈስ፣ ወደ ኋላ እንዳይል ትጠብቃለች፤
ማስቲሹ ሲጠና ትተነፍሳለች።
(እኛም "ተነፈሰ" ነው የምንለው ጎማ ሲሞት።
ሰው ግን ሲድን ነው የሚተነፍስ። ይህን ያን ዕለት ነው ያሰብኩት።)

"በስንት አየር?" አልኳት።
"አየር አይደለም። አየር እዚያ ገዳይ ነው።
በውሃ ነው፣ በፊልም በሚታይ ፈሳሽ፤ እሱም በጠብታ ነው።"
ሃያ ሁለት ዓመት የቸረቸርኩት ገዳይ!
"ከመጠን ካለፈስ?"
"ሥሩ ይፈነዳል።"
ዝም አልን። የፈነዳ ጎማ የረዳቴን የእብሬን ሁለት ጣት
እንዴት እንደወሰደ አልነገርኳት።

ክሩ ከሩቅ አገር መጣ፣ በእንግዳ ሐኪም ሻንጣ።
ከበሩ ውጪ፣ አግዳሚው ላይ፣ አራት ሰዓት ቁጭ አልኩ፤
ሰው ዱዓ ያደርጋል፣ እኔ ግን መጠን ስጠብቅ ዋልኩ፦
በቃ። ትንሽ። በቃ። እንዳታልፊ፣ እህቴ።
መለኪያ ሲሰበርብኝ እንደምለው ለራሴ፣ ለእጄ፣ በቤቴ።

ዘምዘም መጣች። ግራ እግሯ ዛሬም ይጎተታል፤
ከከመነዳሪ በቆረጥኩት ማሰሪያ ጫማዋ ይታሰራል።
ፋብሪካው ሌላ ሰው ቀጥሯል።
ከጎኔ ናት፣ የተገለበጠ ጎማ ላይ፣ የቡሎን ቆርቆሮ ይዛ፤
የሹፌሮችን ብድር በቃሏ ታውቃለች፣ እንደ ዋዛ።

ትናንት ኮምፕረሰሩን ለኮስኩት፤ መሬቱ ተንዘረዘረ።
"አጥፋው!" አለችኝ።
ደነገጥኩ፤ የያዝኩት ቱቦ ከእጄ ሊያመልጥ ምንም አልቀረ።
"ምነው? አመመሽ?"
ግራ እግሯን ታያለች፤ አውራ ጣቷን ታያለች።
"ይኮረኩረኛል" አለች።

የባቲው ሹፌር ይጮኻል፣ ጎማው ገና ግማሽ ነው፣
ሞልቶም ቢሆን ግድ አልነበረኝም፤
አላጠፋሁትም።